ካሜራ ይዤ ወጥቼ ሳላነሳ እየተመለስኩ ነው፤ እንዲህ የሆነባችሁ አላችሁ?

ወጋገን፦

ሰላም ቤቶች። ነገሩን ለብቻዬ ሳብሰለስል ከርሜ ነው የምጽፍላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት እንደ አብዛኛው እኩያዬ በስልክ ነው። ያማረኝን ሁሉ አነሳ ነበር። ግድግዳ ላይ ያረፈ ብርሃን፣ ዝናብ ያራሰው መስኮት፣ የተኛ ሰው እጅ። ለማን እንደማሳየው አላስብም፤ ማንሳቱ ራሱ ይበቃኝ ነበር።

ቀጥሎ ካሜራ መጣ። ያንን ጊዜ ዛሬም እወደዋለሁ። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 2 ላይ በሰፊው ስከፍት ከሰውየው ጀርባ ያለው ሁሉ ሟሙቶ ሲጠፋ፣ ኤፍ 11 ላይ ሳጠብበው ደግሞ ከእግሬ ሥር እስከ ማዶ ያለው በሙሉ ጥርት ሲል ማየት ሱስ ሆነብኝ። አንድ ቦታ ቆሜ ያንኑ ነገር በተለያየ የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ እያሳጠርኩና እያስረዘምኩ፣ ሳነሳ እውል ነበር። የሚፈስ ውሃ በ1/1000 ሰከንድ ጠብታ በጠብታ ይቆማል፤ በ1 ሰከንድ ግን ጠብታ የሚባል ነገር አይታይም።

ከዚያ መለጠፍ መጣ። ነገሩ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ቀስ በቀስ ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳላስጠጋ “ይሄ ላይክ ያመጣል፣ ይሄ አያመጣም” ማለት ጀመርኩ። የሚያመጣውን አውቀዋለሁ፤ ጀርባውን የሰጠ ሰው፣ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ብርቱካንማ ቀለም። እነሱን ማንሳት አልከበደኝም። እንዲያውም በጣም ቀለለኝ። መጨነቅ የጀመርኩት ሲቀለኝ ነው፤ ፎቶዎቹ የኔ መምሰላቸው ቀረ።

አሁን ያለሁበት ደግሞ ሌላ ነው። ካሜራዬን አንግቼ እወጣለሁ፣ አያለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሳላወጣው እመለሳለሁ። ቅርም አይለኝም። ቤት ስገባ ግን የድሮ ፎልደሮቼን እከፍታለሁ። አንዳንዶቹን በትንሽ በትንሹ አሳትሜ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋቸዋለሁ።

ከመካከላቸው አያቴ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ያነሳኋት አለች። ፎከሱ ያረፈው እጅጌዋ ላይ ነው፤ ክሩም መርፌውም ደብዝዘዋል። ከንፈሯን በጥርሷ ይዛለች፣ ግራ ዓይኗ ተጨፍኗል። በዚያው ደቂቃ ያነሳኋት ጥርት ያለችም አለች፤ የለጠፍኩት እሷን ነበር። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ዓይኔ የሚሄደው ወደ ደብዛዛዋ ነው። ጥርት ባለችው ላይ አያቴ ካሜራው እንዳለ አውቃለች። በደብዛዛዋ ላይ ግን ለእሷ ከክሩ በቀር ምንም የለም።

ማንሳቱ እየቀነሰ ማየቱ እየበዛ የሄደባችሁ ሰዎች፣ ከዚያ ወዴት ሄዳችሁ? ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው።

ፍሬም በፍሬም፦

ወጋገን፣ ጽሑፍሽ ልብ ይነካል። ግን አልስማማም፣ በግልጽ ልንገርሽ። ካሜራ ካልወጣ እጅ ይዝጋል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኖ እስኪያልፍ ያለሽ ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ስለ ኤክስፖዠር፣ ማለትም ስለሚገባው ብርሃን መጠን፣ ማሰብ ከጀመርሽ አለቀ። ጣት በራሱ ማወቅ አለበት፣ ጣት የሚያውቀው ደግሞ በብዛት ነው።

የመንገድ ላይ ፎቶ አንሺውን ጋሪ ዊኖግራንድን ተመልከቺ። በ1984 ሲሞት ወደ 2,500 የሚጠጉ ያልታጠቡ ፊልሞች ትቶ ነው። አንዱ ፊልም 36 ፍሬም ነው። ሮበርት ፍራንክ በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካን በመኪና ሲዞር ወደ 27,000 ፍሬም አንስቷል፤ ከጉዞው ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ የገቡት 83 ናቸው። ከ300 በላይ አንስቶ አንድ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ቆመው ሲያዩ ቢውሉ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን አናነሳም ነበር።

ላይኩን ተዪው፣ መለጠፉን ተዪው። ማንሳቱን ግን አትተዪ።

ኔጌቲቭ፦

ልጆች፣ ፍሬም በፍሬም ያመጣው ቁጥር ትክክል ነው። ግን የታሪኩን ሌላኛውን ጫፍ ደግሞ እኔ ልጨምርበት።

ፍራንክ ከጉዞው ሲመለስ ወደ 1,000 ገደማ ፎቶ አሳትሞ፣ ግድግዳ ላይ ሰክቶ፣ ወለል ላይ ዘርግቶ ነው ቀስ በቀስ ወደ 83 የወረደው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ መኪናው ጉዞ ነው። መጽሐፉ የተሠራው ግን እዚያ ክፍል ውስጥም ነው። ዊኖግራንድም ያነሳውን ቶሎ አያጥብም ነበር። አንድ ዓመትም ከዚያ በላይም ያቆየዋል። ባነሳበት ቀን የነበረው ስሜት ፎቶውን እንዳያሳምርበት ብሎ ነው። ስለዚህ ወጋገን አሁን የምታደርገው ነገር ከነሱ ሥራ ውጭ አይደለም፤ የሥራው ሁለተኛው ግማሽ ነው።

እኔ የተማርኩት በፊልም ነው። ፊልም ካሜራ ውስጥ ካለ ያነሳኸውን አታየውም። ይህ ራሱ ትምህርት ነበር። ታጥቦ ሲወጣ ኮንታክት ሺት ታሳትማለህ፤ 36ቱም ፍሬም እንደ ቴምብር ተደርድረው አንድ ወረቀት ላይ ይቀመጣሉ። በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ታያቸዋለህ። እዚያ ላይ እንዴት እንዳሰብክ ይታያል። ፍሬም 11 ላይ ራቅ ብለሃል፣ 12 ላይ ቀርበሃል፣ 13 ላይ ተንበርክከሃል፣ 14 ላይ ሰውየው ሄዷል። ጥሩዋ ብዙ ጊዜ ጨርሻለሁ ብለህ ካሜራውን ልታወርድ ስትል የተነሳችው ናት።

ከዚያ ጨለማ ክፍል ትገባለህ። ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው። ብርሃን የነካውን ወረቀት ዴቨሎፐሩ፣ ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ውስጥ ትነክረውና ሳህኑን ቀስ እያልክ ታወዛውዛለህ። መጀመሪያ ነጭ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጥቁሩ ይመጣል፤ ፀጉር፣ የኮት ጥላ፣ የበር ስንጥቅ። ፊት መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው፤ ምክንያቱም ከሁሉም የነጣው እሱ ነው። ያችን ደቂቃ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ አንድም ቀን አልሰለቸችኝም።

ልጄ፣ ፎቶ አንሺ ሁለት ጊዜ ነው የሚያየው። አንዴ ሲያነሳ፣ አንዴ ሲመርጥ። የዛሬ ካሜራ ፎቶውን ወዲያው ከጀርባው ስለሚያሳይ ሁለቱ አንድ ላይ ተጣበቁ። አንቺ ለያይተሽ ማየት ጀምረሻል፤ ከፈለግሽ አሁን ወዴት እንደምትሄጂ የሚነግርሽ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው።

ዓይነ ውሃ፦

ጋሼ ኔጌቲቭ፣ ያቺን የጨለማ ክፍል ገለጻዎን ደጋግሜ አነበብኳት። እግዜር ይስጥልን።

እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ወጋገን ያነሳችው ነገር የተጠና ስለሆነ ነው የገባሁት። ሊንዳ ሄንክል የተባለች ተመራማሪ በ2014 ያሳተመችው ጥናት አለ። ሰዎች ሙዚየም ሲጎበኙ አንዳንዶቹን ዕቃዎች እንዲያዩ ብቻ፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ፎቶ እንዲያነሱ አደረገች። በማግስቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ካነሷቸው ይልቅ በዓይናቸው ብቻ ያዩዋቸውን በተሻለ ያስታውሱ ነበር። ካሜራው ያስታውስልኛል ብሎ አእምሮ ሥራውን የሚተው ይመስላል።

እኔን የሳበኝ ግን ሁለተኛው ግኝት ነው። ወደ ዕቃው አንድ ክፍል አጉልተው፣ ለምሳሌ የሐውልቱን እግር ብቻ ያነሱት ሰዎች ማስታወሳቸው አልቀነሰም። የሐውልቱን እጅም ፊትም ያስታውሱ ነበር። መምረጥ ስላለባቸው ትኩረት ሰጥተዋል ማለት ነው። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ፈልገው ሲያነሱ ያዩትን በተሻለ እንደሚያስታውሱ፣ የሰሙትን ግን እንደሚረሱ አሳይተዋል።

ስለዚህ ፍሬም በፍሬም፣ “ማንሳት” የምንለው ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ጣት ስለለመደ የሚጫን ቁልፍ አለ፤ ዓይን ስለመረጠ የሚጫን ቁልፍም አለ።

ወጋገን፦

ዓይነ ውሃ፣ የሰሙትን ይረሳሉ ያልሽው ቀጥ ብሎ ገባኝ። የአያቴን ፎቶ ሳነሳ የሆነ ነገር እያለችኝ ነበር። ከንፈሯን፣ የእጅጌዋን ስፌት፣ ከየት በኩል ብርሃን እንደገባ ሁሉ ልነግርሽ እችላለሁ። ምን እንዳለችኝ ግን የለም።

አሁን ሰው ሳነሳ መጀመሪያ ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ እሰማለሁ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ፊት አለ፤ ሰውየው የተናገረውን ገና አልጨረሰውም፣ አፉ ዝም ብሏል፣ ዓይኑ ግን እያወራ ነው። እሱን እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ካልመጣ አላነሳም።

ሰርገኛው ካሜራ፦

እህቴ፣ ሥራዬ ስለሆነ እኔ ከሌላ አቅጣጫ ነው የምናገረው። ሰርግ ነው የማነሳው። ካሜራ ሳላወጣ የመመለስ ዕድል የለኝም። ቀለበቱ፣ የመጀመሪያው መሳሳም፣ የሁለቱ ቤተሰብ በአንድ ላይ፣ እነዚህ አንዷ ብትቀር ጉድ ነው። ሁለት ካሜራ፣ በየካሜራው ሁለት ካርድ፣ ትርፍ ባትሪ። ከቀኑ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ኤዲት።

አንድ ደንበኛ እናቷ ስታለቅስ ያነሳሁትን “ይውጣልኝ፣ አላማረችም” ብላኝ ታውቃለች። ከቀኑ ሁሉ የምወዳት ፎቶ ነበረች። አወጣሁት፤ ቀኑ የእሷ ነው፣ መብቷ ነው። ግን ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። ከሥራ ካሜራዬ ሌላ አንዲት ትንሽ ካሜራ ያዝኩ። ቋሚ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ነው ያላት፣ ዙም የላትም። እሷን ለማንም አልሠራባትም፣ ለማንም አላሳይም። ወደ ሰው ለመቅረብ እግሬ መሄድ አለበት። ለሰው የምሠራውንና ለራሴ የማየውን በዕቃ ስለያየው ሁለቱም ተሻሉ። በሥራዬ ላይ ማማረሬም ቀነሰ።

ሌላ ልጨምር። መተው የሚያስፈራሽ ከሆነ አንሪ ካርቲየ ብረሶን አለልሽ። ወጣት ሳለ ሥዕል ነበር የተማረው። በ1970ዎቹ ካሜራውን ከሞላ ጎደል አስቀምጦ ወደ እርሳስና ወረቀት ተመለሰ፤ በ2004 እስኪሞት ድረስ ዋና ሥራው ሥዕል መሳል ሆነ። በዘመኑ ከሱ በላይ ስም ያለው ፎቶ አንሺ ማግኘት ይከብዳል። እሱ ከተመለሰ ማንም ቢመለስ ነውር የለበትም።

ፊት ለፊት፦

ሁላችሁም ስለ አንሺው ታወራላችሁ። ስለሚነሳው ሰውስ?

በ1838 ከፎቶ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ከመስኮቱ አንድ ጎዳና አንስቷል። በዚያን ጊዜ ፎቶ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር የሚንቀሳቀሱት ሰዎችና ጋሪዎች በሙሉ ጠፍተዋል። የታየው ጫማውን ለማስጠረግ ቆም ያለ አንድ ሰው ነው። ፎቶ ላይ ከታዩት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ስሙ አይታወቅም።

ያ ሩቅ ነው ካላችሁ ቀረብ ያለ አለ። በ1936 ፎቶ አንሺዋ ዶሮቲያ ላንግ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የእርሻ ሠራተኞች ሠፈር ከልጆቿ ጋር የተቀመጠች እናት አነሳች። በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ ነው። ላንግ ስሟን አልጠየቀቻትም። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ለሠፈሩ የምግብ እርዳታ ተልኳል፤ የእሷ ቤተሰብ ግን ያኔ ቦታውን ለቆ ሄዷል። ሴትዮዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው፤ ከፎቶው አንድም ሳንቲም አላገኘሁም ብላለች።

ላንግን ለመክሰስ አይደለም። ያ ፎቶ ለብዙ ሰው ጠቅሟል፣ ላንግም ያነሳችው ለመርዳት ብላ ነው። ግን ወጋገን ካሜራዋን ሳታወጣ ስትመለስ እኔ የሚታየኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ከሩቅ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ፊቱን ወስደህ መሄድ ትችላለህ። ሰውየው ምንም አልጎደለበትም ትል ይሆናል። ታዲያ ለምን ፊቱን ሲያዞርብህ ትደነግጣለህ?

ወጋገን፦

ፊት ለፊት፣ ይህን በቃል ማስቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ረጅሙን ሌንሴን መያዝ ያቆምኩት ለዚህ ነው። አሁን የምይዘው 50 ሚሊሜትር ነው፤ በሱ የሰው ፊት ልሙላ ካልኩ ሰውየው ያየኛል። ካየኝ ደግሞ ወይ ፈገግ ይላል ወይ አይሆንም ብሎ እጁን ያወዛውዛል፤ ያኔ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው። እጁን ሲያወዛውዝ ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ ሰላም ብዬው አልፋለሁ።

ፍሬም በፍሬም፦

እሺ፣ የተወሰነውን ተቀብያለሁ። ስለ መምረጥ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ስለ ሰው ፈቃድም እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር አልለቅም። ቪቪያን ማየርን አስቡ። ሞግዚት ነበረች። ዕድሜ ልኳን አነሳች፣ ለማንም አላሳየችም ማለት ይቻላል። በ2007 ዕቃዋ በጨረታ ሲሸጥ ነው ሥራዋ የተገኘው፤ ከ100,000 በላይ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ፊልም ላይ ያለ ምስል። ላይክ የለ፣ ደንበኛ የለ። ለሷ ማንሳቱ ራሱ በቂ ነበር። ወጋገን መጀመሪያ ላይ ስልኳን ይዛ የነበረችው እንዲህ አልነበረም? ወደዚያ ተመለሺ ነው የምልሽ፣ ወደ ጠረጴዛው ሳይሆን።

ኔጌቲቭ፦

ማየር በ2009 ስታርፍ በመቶ የሚቆጠሩ ፊልሞቿ ገና አልታጠቡም ነበር። ያንን ሳስብ ይከፋኛል። እነዚያን ፍሬሞች አንስታቸዋለች፣ ግን አላየቻቸውም። ምናልባት አንተ እንዳልከው ማንሳቱ በቅቷት ይሆናል። እኔ ግን ያነሳችውን ቁጭ ብላ ብታየው ኖሮ ብዬ እመኛለሁ፤ ለዓለም ሳይሆን ለራሷ። እዚህ ላይ አንስማማም፤ አለመስማማታችን ደስ ይለኛል።

ጀማሪ ነኝ፦

ሰላም፣ ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስልኬ ውስጥ ያለው ፎቶ ብዛቱ ያስፈራኛል። መምረጥ መምረጥ ትላላችሁ፤ ግን ከየት ነው የሚጀመረው? ሁሉም ጥሩ ይመስለኛል፣ ከዚያ ሁሉም መጥፎ ይመስለኛል።

ወጋገን፦

እንኳን መጣህ። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ትናንት ያነሳኸውን አትንካ፤ ቢያንስ የወር ዕድሜ ያለውን ያዝ። በፍጥነት እለፍበትና አውራ ጣትህ የቆመበትን ብቻ ምልክት አድርግ፤ ለምን እንደቆመ አትጠይቅ። ከዚያ ምልክት ካደረግህባቸው ጥቂቱን በትንሹ አሳትም። እዚህ ላይ አትለፍ፤ ስክሪን ላይ ጣትህ ወደሚቀጥለው ይሸሻል፣ ወረቀት ግን እዚያው ነው ያለው። በየቀኑ የምታልፍበት ቦታ ላይ ዘርጋቸው። ከቀናት በኋላ አንዳንዶቹን ሳታያቸው ማለፍ ትጀምራለህ። እነሱን ከዚያ አስወግድ። የቀሩት ላይ ተመሳሳይ ነገር ፈልግ። የኔዎቹ ላይ ሳይ ብዙዎቹ ሥራ ላይ ያለ እጅ ናቸው፤ እኔ ራሴ አላወቅኩትም ነበር። አሁን ስወጣ የማየው ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

ፍሬም በፍሬም ያለውንም አትርሳ፤ ሳታነሳ የምትመርጠው ነገር አይኖርም።

ጀማሪ ነኝ፦

አመሰግናለሁ። ወረቀቱ አንጸባራቂ ይሁን ወይስ ደብዛዛው? ማተሚያ ቤት ሲጠይቁኝ ምን ልበል?

ኔጌቲቭ፦

ማት፣ ማለትም ደብዛዛው፣ በላቸው። አንጸባራቂው ጥቁሩን ያጎላዋል፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ የመብራቱን ነጸብራቅ ነው የምታየው፤ የጣት አሻራም ይይዛል። ማት ላይ እስኪሪብቶ ስለሚሠራ ጠርዙ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ትችላለህ። መጠኑ 10 በ15 ሴንቲሜትር ይበቃሃል። ሲያትሙልህ ደግሞ ማሽኑ ቀለሙን በራሱ እንዳያስተካክለው ንገራቸው፤ አለበለዚያ ጨለማ ብለህ የተውከውን ሁሉ ያበራልሃል።